የጋሩቷ ፎቶ አንሺ
(ስለ ቲሊ ቫይሰንቦርን ሕይወትና ሥራ አዳማ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ላወራላችሁ የመጣሁት ጃቫ ደሴት ላይ ተወልዳ፣ ከዕድሜዋ አብላጫውን እዚያው ስለኖረች አንዲት ፎቶ አንሺ ነው። ስሟ ቲሊ ቫይሰንቦርን ነው። በዜግነቷ ሆላንዳዊት፣ በሙያዋ ባለፎቶ ቤት ነበረች። ያን ጊዜ የሆላንድ ቅኝ ግዛት በነበረችው በዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ስማቸው ከሚጠራ ፎቶ አንሺዎች መካከል፣ ከሴት ወገን የመጀመሪያዋ እሷ ናት። «ጃቫ የት፣ አዳማ የት?» ለሚለኝ ሰው መልሴ ወንጂ ነው።

ወንጂን የተከለው፣ ሁላችሁም እንደምታውቁት፣ ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1879 አምስተርዳም ላይ ተቋቁሞ ሀብቱን ያፈራው ጃቫና ሱማትራ ላይ ሸንኮራ አገዳ፣ ቃጫና ሻይ እያለማ ነው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ አዋሽ ዳር መሬት ያዘ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካም በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። አገዳውን ያስተከሉት፣ ወፍጮውን የገጣጠሙት ሆላንዶች ብዙዎቹ ሙያውን የለመዱት ጃቫ ላይ ነበር። በምሥራቅ ጃቫ፣ ከዲሪ በሚባለው አገር፣ ፓሬ ከተማ ውስጥ እስከ ዛሬ በኤች ቪ ኤ ስም የሚጠራ ሆስፒታል አለ። ቲሊ የተወለደችው በዚሁ በከዲሪ ነው። እንግዲህ የአዳማ ሰው የወንጂን አገዳ ሲያይ ያደገ ከሆነ፣ የቲሊን የትውልድ አገር መልክ በከፊል ያውቀዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።

የተወለደችው በመጋቢት 1889 ነው። ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁት በዚያው ሰሞን ነበር። ወላጆቿ ከጀርመን መጥተው የሆላንድ ዜግነት የያዙ ሰዎች ናቸው፤ የቡና እርሻ ነበራቸው። ቲሊ ገና ሕፃን ሳለች ቤተ ሰቡ ወደ ሆላንድ ሄዶ ሄግ ከተማ ገባ። ኑሮዋን የወሰነው ግን ታላቅ እህቷ ኤልሰ በ1903 ሄግ ውስጥ ፎቶ ቤት መክፈቷ ነው። ቲሊ ሙያውን የቀሰመችው ከእህቷ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ሴት ልጅ ሐኪም ወይም ጠበቃ ልሁን ብትል በየደጁ ይዘጋባት ነበር። ፎቶግራፍ ግን አዲስ ሙያ ስለነበረ በር ላይ የቆመ ማኅበር አልነበረበትም፤ ዲፕሎማ የሚጠይቅም የለም፤ ካፒታሉም ቢሆን አንድ ካሜራ፣ አንድ ብርሃን የሚገባበት ክፍልና አንድ ጨለማ ክፍል ነው። በርሊን ላይ ሌተ የተባለው የሴቶች የሙያ ማኅበር ከ1890 ጀምሮ ለሴቶች ፎቶግራፍ ያስተምር ነበር። ስለዚህ ሁለት እህትማማቾች አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ መገኘታቸው ለጊዜው ሰው ተአምር አልነበረም። ይህን የምላችሁ የቲሊን ብልኅነት ለማሳነስ አይደለም። የመጀመሪያዋ ሴት እየተባለ ሲነገር፣ አንዲት ጀግና ከባዶ ሜዳ ተነሥታ የወጣች የሚመስለን ብዙ ነን። እኔ የቲሊን ታሪክ ሳነብ የማየው እህት፣ ወንድም፣ አንድ አርመናዊ ፎቶ ቤትና አንድ መድኃኒት ቤት ነው። በሩ የተከፈተላት በእነዚህ ነው።

በ1913 ወደ ጃቫ ተመለሰች። እኛ አገር ዐፄ ምኒልክ ያረፉበት ዓመት ነው። ባንዱንግ ከተማ ከነበረው ወንድሟ ዘንድ አረፈች፤ ቀጥሎም ሱራባያ በተባለው የወደብ ከተማ በኩርክጂያን ፎቶ ቤት ተቀጠረች። ኦሃነስ ኩርክጂያን አርመናዊ ነው። በ1901 ከከዲሪ አጠገብ ያለው ከሉድ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ፎቶውን አንሥቶ ስሙን ያስጠራ ሰው ነበር። ቲሊ ስትገባ እሱ ከሞተ ዐሥር ዓመት ያህል ሆኖታል፤ ፎቶ ቤቱን የሚመራው ጆርጅ ሉዊስ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። መልክዓ ምድር ማንሳትን የተማረችው በዚህ ቤት ነው።

አርመናዊ ሲባል ጆሯችሁ ሳይቆም አልቀረም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያን አርመናዊ ነው፤ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም፣ እኛ ቶኒ የምንለው፣ ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። የንጉሦቻችንን መልክ ዛሬ የምናውቀው በአብዛኛው በዚህ ቤተ ሰብ ካሜራ ነው። ከኦቶማን ግዛት ተሰደው ወይም ለንግድ ወጥተው በየአገሩ የተበተኑት አርመኖች ካሜራን ከካይሮ እስከ ሱራባያ፣ ከሱራባያ እስከ አዲስ አበባ ይዘው ዞረዋል። ቲሊና የእኛ ነገሥታት በአንድ የሙያ ዘር በኩል ይዛመዳሉ ብል የተጋነነ አይሆንም።

ፎቶ ቤት ስትገባ ከተማረችው ዋነኛው ሪቱሽ ነው። ሪቱሽ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ወጣቶቹ ፊትን በስልክ ማሳመር እንጂ በእርሳስ ማሳመርን አላያችሁም። ያን ጊዜ የፎቶ ቤት ኔጋቲቭ በአብዛኛው ፊልም አልነበረም፤ አንድ ፊቱ ጄላቲንና ብር የተቀባ የመስታወት ሰሌዳ ነው። ሪቱሽ የምታደርገው ሴት በመስኮት ዳር ትቀመጣለች። ከፊቷ ዘንበል ያለ የእንጨት ጠረጴዛ አለ፤ መሐሉ ተቀዶ መስታወቱ እዚያ ይገባል፤ ከሥሩ መስተዋት ተደርጎ የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይመልሰዋል። እርሳሱ እንዲይዝላት በጄላቲኑ ላይ ስስ ቫርኒሽ ትቀባለች። እርሳሱ እንደ መርፌ ሹል ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ስለሆነ የፊት ሽብሽብ የሚታየው እንደ ነጣ ክር ነው፤ ያችን ክር በጥቃቅን ነጥብ ስትሞላት ወረቀት ላይ ሲታተም ሽብሽቡ ይጠፋል። መጨለም ያለበት ቦታ ሲኖር ደግሞ በትንሽ ምላጭ ትፍቀዋለች። እጇ አንዴ ቢሳሳት መስታወቱ ተበላሸ፤ ሰውዬውም ተመልሶ እንዲቀመጥ መለመን ነው። በአውሮፓም ሆነ በቅኝ ግዛቶች ይህን ሥራ ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ሴቶች ነበሩ። ፎቶው ላይ የሚታተመው ስም ግን የባለቤቱ ነው።

ቲሊን ለየት የሚያደርጋት ከዚያ ጠረጴዛ ተነሥታ መውጣቷ ነው። በ1917 ጋሩት ወደተባለች ደጋማ ከተማ ሄደች። እዚያ ዴኒስ ሙልደር የተባለ ሰው የመድኃኒት ቤትና የንግድ ድርጅት ነበረው፤ በድርጅቱ ሥር ሉክስ የሚባል ፎቶ ቤት ከፍቶ ሥራውን ለእሷ ሰጣት። ፎቶ ቤት ከመድኃኒት ቤት ጋር መጣመሩ አይግረማችሁ። ብር ናይትሬት፣ ሃይድሮኪኖን፣ ፎቶ ማጽኛው ጨው ሁሉ የሚገኘው መድኃኒት ቤት ነበር። በ1920 ሙልደር ወደ ባንዱንግ ሲዛወር ሉክስን ለእሷ ለቀቀላት። በ31 ዓመቷ የራሷ ፎቶ ቤት ባለቤት ሆነች፤ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል የሥራዋ ማኅተም «ሉክስ፣ ጋሩት» የሚል ነው።

ጋሩትን ለአዳማ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ባቡር የደረሰላት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ የገባው ቲሊ በተወለደችበት በ1889 ነው። ዙሪያዋን እሳተ ገሞራ ከቧታል፦ ጉንቱር፣ ቺኩራይ፣ ፓፓንዳያን። ከጉንቱር ግርጌ ቺፓናስ የሚባል ፍል ውሃ አለ፤ የታከተው ሰው ሁሉ እዚያ ይታጠባል። እኛ ሶደሬ እንደምንወርደው ማለት ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድ ስለሆነ የዘሩበትን ያበቅላል፤ ሩዝ፣ ሻይ፣ ጎማ። ሆላንዶቹ ከቅኝ ግዛቷ ዋና ከተማ ከባታቪያ ሙቀት ሸሽተው የሚያርፉባቸው ሆቴሎች ነበሩባት። እንግዲህ ፎቶ አንሺ እዚህ ብትቀመጥ ሁለት ዓይነት ደንበኛ አላት፦ ቤቱንና ልጆቹን እንድታነሣለት የሚፈልግ ባለ እርሻ፣ እና ወደ አገሩ ፖስታ ካርድ የሚልክ መንገደኛ።

የአየሩ ነገር ቀላል አልነበረም። በሞቃት አገር ኔጋቲቭ ሲታጠብ ውሃው ከሞቀ ጄላቲኑ ይለሰልስና ከመስታወቱ ጠርዝ መላቀቅ ይጀምራል። መፍትሔው በረዶ ነው፤ በረዶ ከሌለ ጄላቲኑን የሚያጠነክር ሸብ ነው፤ ያም ካልሆነ ሌሊት መሥራት ነው። እርጥበቱ ደግሞ በተቀመጠው ኔጋቲቭ ላይ ሻጋታ ያወጣል። ጋሩት ከባሕር ጠለል 700 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል፤ ሱራባያ ከነበረው ወላፈን ጋር ሲተያይ ለሥራው የተሻለ ነበር።

የፓፓንዳያን ተራራ ፎቶዎቿን ያየ ሰው አይረሳቸውም። ተራራው 2,665 ሜትር ከፍታ አለው፤ በ1772 ሲፈነዳ ጎኑ ተንዶ አርባ ያህል መንደሮችን ቀብሯል። እሷ ያነሣችው የድኝ ጭስ እየተግተለተለ ሲወጣ ነው። የዚያ ዘመን ሰሌዳ ሰማያዊ ብርሃን ስለሚበዛበት ሰማዩ ባዶ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ ደመና የፈለገ ሰው ሌንሱ ላይ ቢጫ መስታወት ገጥሞ ረዘም ላለ ጊዜ ማጋለጥ አለበት። በቲሊ ፎቶዎች ላይ ደመና አለ፤ ጭስና ጭጋግም የየራሳቸው መልክ አላቸው። ሩዝ የተተከለበት እርከን ላይ ውሃው ሰማዩን ሲመልስ ታዩታላችሁ። ከባድ ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና የመስታወት ሳጥን ያንን ዳገት በሰው ትከሻ ነው የሚወጣው። ፎቶው ላይ የማትገባው የመጀመሪያዋ ነገር ይህች ትከሻ ናት።

ባታቪያ ላይ በ1908 የተቋቋመ የቱሪስት ቢሮ ነበር፤ የቲሊን ፎቶዎች ለመመሪያ መጽሐፎቹ ይገዛ ነበር። «ወደ ጃቫ ኑ» የሚለው በ1922 የታተመው የእንግሊዝኛ መመሪያ ፎቶዎቿን ካሰራጩት አንዱ ነው። ባሊ ደሴት ሄዳም ሠርታለች። በ1925 አካባቢ ያነሣችው «የባሊ ጨፋሪ፣ እያረፈች» የሚለው ፎቶ ዛሬም በየመጽሐፉ ይወጣል። ልጅቷ የጭፈራ ጌጧን እንዳጠለቀች ናት፤ ጭፈራው አልቆ ወይ ገና ሊጀመር መሐል ላይ ያለች ትመስላለች። ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ልጅቷም ወደ ካሜራው አልተገተረችም። እኔ ይህን ፎቶ ከልቤ እወደዋለሁ። ሌላው ፎቶ አንሺ ጨፋሪን አስነሥቶ፣ እጇን አስዘርግቶ ያነሣ ነበር፤ ቲሊ ድካሟን አየች።

ነገር ግን የፎቶው ርእስ የልጅቷን ስም አይነግረንም። ደግሞም ባሊ ያን ያህል ጸጥ ያለች ደሴት አልነበረችም። የሆላንድ ጦር የደቡብ ባሊን ነገሥታት የደመሰሰው በ1906ና በ1908 ነው። በባዱንግና በክሉንግኩንግ ቤተ መንግሥቶች ንጉሡ፣ ሚስቶቹ፣ ልጆቹና ባለሟሎቹ ነጭ ለብሰው፣ ጌጣቸውን አድርገው፣ ጩቤ ይዘው ወደ ጠመንጃው አፍ ወጡ፤ ያልተገደለው ራሱን ገደለ። ቲሊ ካሜራዋን ይዛ ስትደርስ ሃያ ዓመት አልሞላም። የልጅቷ ወላጆች ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ሰዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። አንድ የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ በ1928 በዚያችው ደሴት ዴንፓሳር ላይ ሆቴል ሲከፍት፣ መንገደኛው ይዞት የሚመጣው ምስል ግን የአበባና የጭፈራ አገር ነው። ያንን ምስል ከሠሩት እጆች አንዱ የቲሊ ነው። ፎቶው ያምራል፤ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነም መጠየቅ አለብን። ሁለቱን አብሮ መያዝ የማይችል ሰው የቅኝ ግዛት ፎቶ አልበም ባይከፍት ይሻለዋል እላለሁ።

«ኢትዮጵያ ውስጥ የሴት ፎቶ አንሺ ታሪክ ጠፍቶ ነው ጃቫ ድረስ የሄድከው?» የሚል ይኖራል። አገራችን ቅኝ ግዛት አልነበረችም፤ በአምስቱ ዓመት ወረራ ደግሞ ካሜራውን የያዘው በአብዛኛው የጣሊያን መንግሥት የፕሮፓጋንዳ ድርጅት ሉቼ ነበር። ከዚያ በፊት የመጡ አሉ። እንግሊዛዊቷ ሮዚታ ፎርብስ ሃሮልድ ጆንስ ከተባለ የፊልም ባለሙያ ጋር አገራችንን በበቅሎ አቋርጣ «ከቀይ ባሕር እስከ ዐባይ» የሚል መጽሐፍና ፊልም በ1925 አውጥታለች። ደፋር ሴት ናት፤ ግን አልፋ የምትሄድ ናት። ከአንድ ከተማ ጋር ሃያ ምናምን ዓመት የኖረች፣ የጎረቤቷን ልጅ ሕፃን ሳለ አንሥታ ሲዳር የምታነሣ ፎቶ አንሺ ሌላ ነገር ናት። ስለዚህ ነው ቲሊን የመረጥኩት።

በእኛው ዘመን ደግሞ ይህን ሙያ ከፍ አድርጋ የያዘች ኢትዮጵያዊት አለች። አይዳ ሙሉነህ በ2010 የአዲስ ፎቶ ፌስትን መሠረተች፤ በ2018 ደግሞ ስለ ውሃ እጥረት የሚናገሩትን ሥዕል መሰል ፎቶዎቿን አፋር ውስጥ ዳሎል ላይ ሠራች። ዳሎል የዚሁ የስምጥ ሸለቋችን ጫፍ ነው። የእሷን ሥራና የቲሊን የፓፓንዳያን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ሁለቱም የድኝ መሬት ናቸው። የቲሊው ሰውን አሳንሶ ተራራውን ያገንናል፤ የአይዳው ሴቲቱን መሐል አቁሞ ውሃ የምትቀዳበትን ርቀት እንድንቆጥር ያደርገናል።

ወደ ወንጂ ልመለስ። የሆላንድ ሠራተኞችም አልበም ነበራቸው፤ ሣር የተከረከመበት ግቢ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ። አገዳውን የቆረጠው ግን ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ በእግሩ የመጣ ሰው ነው። ወደ መተሐራ ስንወርድ ደግሞ ለኩባንያው እርሻ የተከለለው መሬት የከረዩ ኦሮሞ ከብቱን ውሃ የሚያጠጣበት፣ በበጋ የሚሸሽበት መሬት ነበር። በወንጂ ሠራተኞች ሰፈር ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበረ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች አጥንቱ የደረቀና ጀርባው የጎበጠ ሰው መመዝገብ ጀመሩ። የስምጥ ሸለቆ ልጅ ጥርሱ ለምን እንደሚበልዝ እዚህ ላላችሁት አልነግራችሁም። በዚህ አገር የድሮ ጉርድ ፎቶ ላይ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ቢቀመጥ ያኮረፈ አይምሰላችሁ። አንድ የኩባንያ አልበም ይህን ሁሉ ሊያሳየን አይችልም፤ ሊያሳየንም አልተሠራም።

ራሳችንም ብንሆን አገራችንን በፎቶ ስንሸጥ መርጠን ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ድርጅቱን ሲመሩ «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው አገሪቱን ለዓለም አስተዋወቁ። እኔ በዚያ ሥራ እኮራለሁ፤ አገር ስለራሷ በራሷ አፍ መናገሯ ትልቅ ልዩነት አለው። ቢሆንም በቱሪዝሙ ፖስተር ላይ የሚታየው ሰው ስም አልነበረውም፤ የባሊዋ ልጅም እንደዚሁ።

የቲሊ መጨረሻ አሳዛኝ ነው። በመጋቢት 1942 የሆላንድ ጦር ለጃፓን እጁን ሰጠ። እንደ ሌሎቹ አውሮፓውያን እሷም በ1943 ባንዱንግ ውስጥ ካሬስ በተባለው የእስረኞች ሰፈር ገባች። ጦርነቱ ሲያበቃ ደግሞ የኢንዶኔዥያ የነጻነት ጦርነት ቀጠለ፤ ጋሩት ተቃጠለች፤ ሉክስም ከነኔጋቲቮቹ ጠፋ። የሃያ ምናምን ዓመት ሥራ፣ በሪቱሽ ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰው ዓይን ሁሉ፣ አንድ መስታወት ሳይቀር ሄደ። ያኔ ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ቀርቧል። በ1947 ኒኮ ዋይንማለን የተባለ ሰው አግብታ ባንዱንግ ተቀመጠች፤ ፎቶ ቤት ዳግመኛ አልከፈተችም።

ባንዱንግ ስል ሌላ ነገር ትዝ ይላችኋል። በሚያዝያ 1955 የእስያና የአፍሪካ 29 አገሮች ቅኝ ግዛትን ለመቃወም የተሰበሰቡት እዚያ ነው፤ የኢትዮጵያ ልዑካንም ነበሩበት። ከከተማው አንድ ቤት ውስጥ ይህች የስድሳ ስድስት ዓመት ሴት ትኖር ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያነሣችው ዓለም በይፋ ሲከሰስና ሲሻር፣ እሷ የዚያው ዓለም ልጅ፣ የዚያው ምድርም ተወላጅ ነበረች። በሚቀጥለው ዓመት፣ ለሆላንዶች ኑሮ እየጠበበ ሲሄድ፣ ወደ ሆላንድ ገባች። በ1964 ባርን በምትባል ከተማ አረፈች። በዚያ ጊዜ ወንጂ ላይ ኤች ቪ ኤ ሁለተኛውን የሸዋ ፋብሪካ ከፍቶ አገዳ እየፈጨ ነበር። የእሱም ተራ በ1967 ዓ.ም. ደርሶ በደርግ ተወረሰ።

እንግዲህ ኔጋቲቭ ከሌለ ዛሬ ስለ ቲሊ እንዴት እናወራለን? ከደንበኞቿ ቤት በተረፈው ነው። የሸጠቻቸው ፎቶዎች በየአልበሙ ተለጥፈው፣ በየሻንጣው ወደ ሆላንድ ተጭነው ሄደዋል። ኤርንስት ድሪሰን የተባለ ጸሐፊ በ1983 እነዚያን አሰባስቦ ከ1917 እስከ 1942 የሠራችውን የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ ብዙዎቹ ፎቶዎች ቀድሞ የሐሩር አገሮች ሙዚየም ይባል በነበረው የአምስተርዳም ሙዚየምና በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጋሩት ሰው የአያቱን ከተማ ለማየት የሆላንድን ማኅደር ይከፍታል። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላስብም፤ ባይሰበሰቡ ኖሮ ግን ጭራሽ አይኖሩም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ለዚህ ነው ዛሬ አዳማ ላይ መናገር የፈለግሁት። ፎቶ ቤት ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ሲያርፍ፣ ኔጋቲቩ ቆሻሻ ላይ ይጣላል ወይም ለብሩ ሲባል ይቀቀላል። ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ የተነሣው የባቡር ሠራተኛ፣ በደመወዝ ማግስት ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ የተነሣው የአገዳ ቆራጭ፣ ነጠላዋን አጣፍታ የተቀመጠችው ሙሽራ፣ ሁሉም ያለው በእናንተ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። የሚድነውም፣ እንደ ጋሩቱ፣ ከየቤቱ ነው።

ስለዚህ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እንዲህ አድርጉ። አልበሙን ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ስጡና ማን ማን እንደሆነ ይንገሯችሁ፤ እዚያው ጻፉት። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይወጣል። በለስላሳ እርሳስ፣ ፎቶውን በንጹሕ ጠንካራ ነገር ላይ ደፍታችሁ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ሳትጫኑ ጻፉ፦ ሙሉ ስም፣ ቦታ፣ ዓመት። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ካለ እንዳትሸፍኑት። አብሮ የቆመው ሠራተኛ፣ ሞግዚት ወይም እንግዳ ከሆነም ስሙን ጠይቁ፤ የቤተ ሰቡ አባል አይደለም ብላችሁ አትለፉት። በፕላስቲክ ገጽ የተጣበቀውን በኃይል አትላጡ፤ እንዳለ በስልካችሁ አንሡት። የመስታወት ወይም የፊልም ኔጋቲቭ ያገኘ ሰው ደግሞ እያንዳንዱን በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሎ ከፀሐይና ከእርጥበት ያርቀው። የሚጠይቀኝ ካለ፣ አሁን ለጥያቄ ጊዜው ክፍት ነው።